በአውራ ጣቴ የሄደው ፈረስ

ጋሽ አስናቀ የእኔን ታሪክ በራሱ ስም አሳተመ። ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። ሁለቱን ነገር ለየብቻ ማውራት አልችልም፤ ሞክሬ አቅቶኛል።

መሞቱን የሰማሁት መቂ ሆኜ ነው። እዚያ የሽንኩርት መጋዘን እጠብቃለሁ። ጠዋት አንድ አይሱዙ እየተጫነ እህቱ እትዬ ዘውዴ ደወሉ።

«ቶሎሳ፣ ወንድሜ አረፈ» አሉኝ።

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

«ለቀብር ትደርሳለህ?»

«እደርሳለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወዲያው አልተነሳሁም። መኪናው ተጭኖ፣ ሸራ ለብሶ፣ ገመዱ እስኪታሰር ጠበቅኩ። ይህን የምጽፈው እያለቀሰ ሮጦ ሄደ እንዳይባል ነው። አላለቀስኩም። ደክሞኝ ነበር። በዚያ ሰውዬ ምክንያት የደከመኝ ድካም እስካሁን አልወጣልኝም።

በአፌ ዕድሜውን ሙሉ «እርስዎ» ስለው ኖሬያለሁ። እዚህ «እሱ» የምለው በድፍረት ነው። ድፍረቱን የከፈልኩበት ይመስለኛል።

ጋሽ አስናቀ አዳማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ የቀረው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ የልጆች መጽሐፍ ማሳተም። ለልጆች መጻፍና መሣል ለሚፈልጉ ጀማሪዎች የሚዘጋጅ ጉባኤ አለ። አንዴ ቢሾፍቱ፣ አንዴ ሻሸመኔ፣ አንዴ እኛው አዳማ፣ በየሆቴሉ አዳራሽ ይካሄዳል። ከአዲስ አበባ አሳታሚዎች ይመጣሉ። ጀማሪው ሥራውን ይዞ ይሰለፋል፤ አንዱ ተስፋ ይዞ ይመለሳል፣ ሌላው ማኅደሩን ይዞ። ጋሽ አስናቀ አንድ ጉባኤ አምልጦት አያውቅም፤ ሁልጊዜም ማኅደሩን ይዞ ነው የሚመለሰው።

እኔ ያኔ ባለጋሪ ነበርኩ። ቦታዬ መናኸሪያው በር ላይ ነው። ጋሽ አስናቀ ጉልበቱን ስለሚያመው ከአውቶቡስ ሲወርድ ወደ እኔ ይመጣል። አረንጓዴ ማኅደሩን በደረቱ አቅፎ ነው የሚወርደው። ማኅደሩን የሚያስረው በብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ነው። የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት እርሳስ አለ፤ የተቀረጹትም በምላጭ ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነልዎት?» እለዋለሁ።

«ምክር በዛበት አሉኝ» ይላል፣ እየወጣ።

ሃያ ዓመት የተሸከመው ታሪክ ስለ አባ ኮዳ ነበር፤ ያ ዝዋይ ዓሣ የሚበለትበት ቦታ የሚቆመው መላጣ ወፍ። አባ ኮዳው በመላጣነቱ ያፍራል፣ በኋላ ግን ማፈሩን ይተዋል። ሥዕሉን አሳይቶኛል፤ ወፉ ከወረቀቱ ወጥቶ ዓሣ የሚነጥቅህ ነው የሚመስለው። ጽሑፉን ሲያነብልኝ ግን በየሁለት ገጹ «ስለዚህ ልጆች» የሚል ይመጣል።

«ጋሼ፣ ወፉ ራሱ አይናገርም እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ወፍ ምን ያውቃል?»

«ታዲያ ስለ እሱ ለምን ጻፉ?»

ተቆጥቶ ይወርዳል ብዬ ነበር። ሳቀ። ወደ ቤቱ እስክንደርስ ለብቻው «ወፍ ምን ያውቃል» እያለ ሳቀ።

ማንበብ እንደማልችል ያወቀብኝ በፖስታ ነው። አንድ ጠዋት አንድ ፖስታ ሰጥቶኝ «አድራሻው ላዩ ላይ አለ፣ አድርስልኝ» አለኝ። እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ምን ልበል? ከተማውን ዞርኩ። ሰው ልጠይቅ እላለሁ፣ አፍራለሁ። ፈረሱን ሰፈር ለሰፈር አዞርኩት። ከሰዓት በኋላ ፖስታውን መልሼ አመጣሁለትና «ዝግ ነው» አልኩት። ማክሰኞ ቀን ነበር፣ የሥራ ቀን።

ፖስታውን አየው፣ እኔን አየኝ።

«ማንበብ አትችልም» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«አልችልም።»

«ስትፈርምስ?»

አውራ ጣቴን አሳየሁት።

«ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌ አዳራሽ ና። ትላልቅ ሰዎች አስተምራለሁ።»

«ፈረሴስ?»

«መስኮቱ ስር እሰረው። እሱም ይሰማ።»

አርባ አምስት ዓመቴ ነበር። ሁለት ቋንቋ እናገራለሁ፤ ፈረሴን በኦሮምኛ፣ ተሳፋሪን በአማርኛ። በሁለቱም አንድ ፊደል አላውቅም። ጋሽ አስናቀ የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆሞ «አከም ቡልቴ፣ ቶሌ» ብሎ በኦሮምኛ ተቀበለኝ፤ ሰፈሬ ውስጥ እንኳ «ቶሌ» የሚለኝ አልነበረም። ያስተማረኝ ነገር ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ከጆሮዬ አይወጣም። «ፊደል እንደ ፈረስ ነው፤ ከኋላው አትምጣበት» ይል ነበር። «ፊት ለፊት ቅረበው፣ ይይህ፣ ከዚያ ንካው።» ከኋላ መምጣት ያለው የቃሉን ጫፍ አይቶ መሐሉን መገመት ነው። እኔ ገማች ነበርኩ። ያላነበቡ ሰዎች ሁሉ ገማቾች ነን፤ እንዲያ ነው የኖርነው።

ጣቴ ልጓም የለመደ ስለሆነ እርሳስ ይሰብራል። በሰበርኩ ቁጥር ጋሽ አስናቀ አንድ ቃል ሳይናገር በምላጩ ቀርጾ ይመልስልኛል። አንድ ጊዜ የቀበሌው ወጣት ጸሐፊ ሊያሾፍ ገብቶ «አባባ፣ አሁን ተምረው ሚኒስትር ሊሆኑ ነው?» አለኝ። ጋሽ አስናቀ ቀና ሳይል «አንተስ ተምረህ ምን ሆንክ?» አለው። ልጁ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የማወራችሁ። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት አልጨርስበትም ነበር።

ታሪኩን የነገርኩት ጋሪ ላይ ነው። ፈረሴ ቦራ ይባላል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ታሪኩ ስለ እሱ ነው። ቦራ ሰውን ሁሉ ቤቱ ያደርሳል። አንድ ቀን ባለቤቱን ጋሪው ላይ እንቅልፍ ጣለው። ልጓሙን የሚስብ የለም። ቦራ የሰውን ሁሉ ቤት ያውቃል፤ የራሱን ግን አያውቅም፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ተስቦ ነው የሚገባው። ቆመ። ዙሪያውን አየ። ከዚያ ጠዋት ሲወጣ የረገጠውን ኮቴውን አቧራው ላይ አየው። ዱካውን ወደ ኋላ እየተከተለ ሄደ።

«ከዚያስ?» አለኝ ጋሽ አስናቀ።

«ከዚያ ገባ።»

«ምክሩስ?»

«የምን ምክር? ገባ አልኩዎት እኮ።»

ቤቱ ደርሰን እንኳ አልወረደም። የቦራን ጀርባ እያየ ተቀመጠ። በኋላ «ጻፈው» አለኝ።

ከመስከረም እስከ ጥር ፈጀብኝ። ጠዋት መናኸሪያ ስቆም፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ዘጠኝ ገጽ ሆነ። በዚያ ዓመት ጉባኤው አዳማ ነበርና ጋሽ አስናቀ «አንተም ትገባለህ፣ አስመዘገብኩህ» አለኝ።

ጉባኤው አንድ ደንብ አለው። የሁሉም የመጀመሪያ ገጽ መድረክ ላይ ይነበባል፤ አሳታሚዎቹ ለሰው እንዳያደሉ ግን ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም። ስም ሳይሆን ቁጥር ነው የሚጻፈው፤ እሱም ፖስታው ላይ፤ ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ገጹን የሚለየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ይህን ስሰማ ተናደድኩ። ስሜን መጻፍ ከቻልኩ ዓመት አልሞላኝም፣ አሁን አትጻፍ ይሉኛል። ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ምልክት ሳላደርግበት ወረቀት አስረክቤ አላውቅም። ቀበሌም ማዘጋጃም ሄጄ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ ጣት የሌለበት ወረቀት ውድቅ ነው። ስለዚህ የቢክ ቀለም አውራ ጣቴ ላይ ቀባሁና በየገጹ ግርጌ አተምኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ለማተም እጄን አላመንኩትምና አራት አምስቴ አደረግኩት። ቀለሙ ሳይደርቅ ስቸኩል አንዱ ወደ ግራ አዘነበለ፣ አንዱ ወደ ቀኝ።

ጋሽ አስናቀ ሲያየው «ይሄ ምንድነው፣ ቶሌ?» አለኝ።

«ስም አትጻፉ አይደል ያሉት? ስም አይደለም።»

መነጽሩን አውልቆ እስኪያብስ ድረስ ሳቀ። «ተወው፣ እንዲሁ ይሂድ» አለኝ። አዲስ ወረቀት ላይ ገልብጠው ሊለኝ ይችል ነበር። አላለኝም።

የጉባኤው ጠዋት አዳራሹ በር ላይ አንዲት ልጅ በአንገት የሚንጠለጠል ወረቀት ታድላለች። አየችኝና «አባባ፣ ሰው ሊያደርሱ ነው?» አለችኝ። ጋሽ አስናቀ ከኋላዬ «ጸሐፊ ነው» አላት። «ቶሎሳ ገመዳ፣ ጸሐፊ፤ እንደዚያ ብለሽ ጻፊለት።» ጻፈችልኝ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ያን ያለው አፍና ከሰዓት በኋላ ያደረገው እጅ የአንድ ሰው ናቸው።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። መምህራን፣ ማኅደር የታቀፉ ወጣት ሠዓሊዎች፣ ሕፃን ልጇን የምታጠባ አንዲት ሴት። መድረክ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡት አሳታሚ፣ ወይዘሮ ሂሩት፣ ተቀምጠዋል። ገጽ ይነበባል፣ እሳቸው አስተያየት ይሰጣሉ። ወረቀቱ ስም ባይኖረውም ባለቤቱን ታውቀዋለህ፤ የእሱ ሲነበብ አንገቱን ይደፋል።

የአባ ኮዳ ተራ ደረሰ። ጋሽ አስናቀ አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ሂሩት አዳመጡና «ሥዕሉ ድንቅ ነው። ጽሑፉ ግን ምክር በዛበት» አሉ። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ጋሽ አስናቀ ማኅደሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመነዳሪውን አንዴ ዞር፣ ሁለቴ ዞር አድርጎ አሰረው። የታሰረውን ደግሞ አሰረው።

ይህን ጊዜ የሆቴሉ ዘበኛ በበሩ ብቅ ብሎ «የፈረሱ ባለቤት! አንተ ሰው፣ ፈረስህ አበባችንን ጨረሰው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔ ነኝ ብዬ ወጣሁ። ቦራ እውነትም የሆቴሉን ቀይ አበባ ግማሹን ግጦታል። ከዘበኛው ጋር ተጨቃጨቅን፤ ለሌላ ዛፍ አሰርኩት፣ በባልዲ ውሃ ሰጠሁት። እጄ እንደራሰ ስመለስ ከበሩ ላይ የራሴን ቃል ሰማሁ። የእኔ ገጽ እየተነበበ ነው። የሚያስል እንኳ የለም።

ንባቡ ሲያበቃ ወይዘሮ ሂሩት ወረቀቱን ወደ ላይ አነሱት።

«ግርጌው ላይ ያለውን አያችሁ? ኮቴ ነው። ፈረሱን በአውራ ጣቱ ነው ያስኬደው። በየገጹ አብሮን ይሄዳል። እኔ ይህን ዛሬውኑ እቀበላለሁ። የማን ነው?»

ጋሽ አስናቀ ባዶ ወንበሬን አየ። ወደ በሩ አልዞረም፤ ቢዞር ያየኝ ነበር። ከዚያ እጁን አነሣ። ቀስ ብሎ፣ መልሱን እርግጠኛ እንዳልሆነ ተማሪ። ሰው አጨበጨበ።

ለምን ዝም አልክ ትሉኝ ይሆናል። እጁን ያነሣው «የቶሎሳ ነው፣ ወጣ ብሎ ነው» ሊል መስሎኝ ነው። እጅ ያነሣ ሰው ይናገራላ። ጠበቅኩት። ጭብጨባው አለቀ፣ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ብናገር እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማን ያምነኛል? ፈረሱ አበባ የበላበት ሰውዬ ነኝ።

ወደ ቤቱ ያደረስኩት እኔው ነኝ። ሌላ ጋሪ አልያዘም፣ እኔም ውረድ አላልኩትም።

«ፈረሱ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ መንገድ ላይ።

«አበባ በላ።»

«ነገ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፣ ቶሌ።»

«እሺ ጋሼ።»

ጥቂት ሄድን። «ሃያ ዓመት ነው እኮ» አለ፣ ድምፁ ሌላ ሆኖ። ሲወርድ ደግሞ «ነገ» አለ።

ነገ ሳይመጣ ዓመቱ ዞረ። መጽሐፉን ያገኘሁት ፖስታ ቤቱ አጠገብ መጽሐፍ አንጥፎ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ነው። ሽፋኑ ላይ ቦራ አለ፤ ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ሳይቀር። ቆሜ አነበብኩት። በሕይወቴ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው መጽሐፍ የራሴ ነው፤ ስሙ የሌላ ሰው ሆኖ። በየገጹ ግርጌ አውራ ጣቴ ይሄዳል። ጋሽ አስናቀ አንድ ምክር አልጨመረበትም፤ «ስለዚህ ልጆች» የሚል የትም የለም። የሰረቀኝን ሰው እስከዛሬ የማከብርበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ቤቱ ሄድኩ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጣቴን አጠገቡ አስቀመጥኩ።

«የኔ ጣት ነው» አልኩት።

«ነው።»

«ስሙስ?»

«ሥዕሉ የኔ ነው፣ ቶሌ።»

«ስለ ሥዕሉ አልጠየቅኩዎትም።»

መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «አንተ ገና ሌላ ትጽፋለህ። እኔ አልጽፍም» አለኝ።

«አልጽፍም» ብዬው ወጣሁ። አልጻፍኩምም። ይህ የመጀመሪያው ነው።

በሚቀጥለው ጉባኤ ቢሾፍቱ ድረስ ሄጄ ወይዘሮ ሂሩትን አገኘኋቸው። ሰምተውኛል፣ አላባረሩኝም። «አባቴ፣ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ሰውየው ራሱ ጽፎ ካልፈረመልኝ ስም መቀየር አልችልም» አሉኝ። በዚያው ቀን ጋሽ አስናቀ መድረክ ላይ ነበር፤ ለጀማሪዎች ልምዱን እንዲያካፍል ተጋብዞ። ከኋላ ቆሜ ሲያየኝ ንግግሩ ጠፋበት። ወረቀቱን አገላበጠ። ከዚያ፣ ጢም ላላቸው ሰዎች፣ «ስለዚህ ልጆች» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ አልጫንኩትም። መናኸሪያ በር ላይ ሲያየኝ ባጃጅ ይይዛል። በኋላ ጋሪ ከአስፋልት ተከለከለ፣ ቦራም አርጅቶ ሞተ፣ እኔ መቂ ገባሁ። እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት ሄደ። ስሙን ማንሣት አቆምኩ። ሌሊት ሌሊት ግን፣ የተኛሁ መስሎኝ፣ ያ እጅ ሲነሣ አያለሁ።

ዘንድሮ ጥር ላይ እትዬ ዘውዴ መጋዘኑ ድረስ መጡ። ወንድማቸው ወድቆ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሏል፣ ምላሱም ከብዷል። «ቶሌ እያለ ነው። ሌላ ስም አይጠራም» አሉኝ። አልሄድም አልኳቸው። «እሺ» አሉና ሽንኩርቱ ላይ ተቀመጡ። እስክነሣ ድረስ አልተነሱም።

ጋሽ አስናቀ መስኮት አጠገብ አልጋ ላይ ነበር። የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ እርሳሶቹ አሉ። ሰላምታ አልሰጠኝም።

«ወረቀት» አለኝ።

እትዬ ዘውዴ ወረቀትና ቢክ አመጡ። እሱ አንድ አንድ ቃል እያወጣ፣ እኔ ጻፍኩ። ያስተማረኝን ፊደል በእሱ ላይ ጻፍኩት። «የፈረሱን ታሪክ የጻፈው ቶሎሳ ገመዳ ነው። እኔ የሣልኩት ነኝ። ስሜን ያስገባሁት እያወቅኩ ነው።» በመሐል አንገቱን ቀና አድርጎ ወረቀቱን አየና «መስመር ጠብቅ» አለኝ። ጠበቅኩ።

«ስለዚህ…» ብሎ ሊቀጥል ሲል ቢኩን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ምክር በዛበት።»

በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ይሁን ልቅሶው ያለየለት ነገር ሆነ፤ እኔ ወረቀቱን ነበር የማየው።

«ይፈርሙ» አልኩት። ቀኙ አይንቀሳቀስም፣ ግራው ቢክ አይዝም። ስለዚህ ቀለሙን ግራ አውራ ጣቱ ላይ ቀባሁለት። ስንት የቢሮ ጸሐፊ ነው የእኔን ጣት እንደዚያ ይዞ ያንከባለለው። «አይጫኑ፣ ይልቀቁልኝ» አልኩት፤ እነሱ ለእኔ እንደሚሉት። ለቀቀልኝ። ጣቱ ቀላል ነበር። አተምኩት።

የታተመውን ብዙ ሰዓት አየው። «ኮቴ» አለ።

ይቅርታ ጠየቀህ ወይ ይሉኛል። አልጠየቀም። እኔም ይቅር ብዬዋለሁ አላልኩም። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፣ የቀለም ጣቱን በጨርቅ ጠረግኩለት፣ ወጣሁ። በሕይወት ያየሁት ያን ቀን ነው የመጨረሻው።

ወይዘሮ ሂሩት ደብዳቤው ሲደርሳቸው ደውለው አዲሱ እትም ይስተካከላል አሉኝ። እሱ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሞተ። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምኩ። አርባው እሑድ ቀን ወጣ። ከዚያ በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ በሚኒባስ አንድ ጥቅል ተላከልኝ፤ መናኸሪያው በር ላይ፣ ድሮ በምቆምበት ቦታ ተቀበልኩት። ሽፋኑ ላይ ቦራ አለ። ከስሩ «ጽሑፍ፦ ቶሎሳ ገመዳ፤ ሥዕል፦ አስናቀ ወልደየስ» ይላል። እዚያው ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከኋላው አልመጣሁበትም፤ ፊት ለፊት፣ ፊደል በፊደል።

አንዱን ለእትዬ ዘውዴ ወሰድኩላቸው። «መነጽሬ የት እንደገባ እንጃ፣ አንተው አንብብልኝ» አሉኝ። ባዶው አልጋ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላቸው። ቦራ ኮቴውን አቧራው ላይ አየ። ዱካውን እየተከተለ ሄደ። መጽሐፉን ስዘጋ እትዬ ዘውዴ ገና እየጠበቁ ነበር።

«ከዚያስ?» አሉኝ።

«ከዚያ ገባ» አልኳቸው።

ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ዕለት ነበር። ነገሩ ያለቀው ያን ቀን ነው።